ርስቱን በሠርግ የሚጠብቅ ቤት

ርስት ለወራሹ ክብር የሆነውን ያህል ሸክምም ነው። አባት ለልጁ ትልቅ ቤት ቢያወርሰው፥ ልጁ ከቤቱ ጋራ የሚያፈሰውን ጣራ፥ የሚሰነጠቀውን ግድግዳ፥ በየዓመቱም የሚመጣውን ወጪ አብሮ ይወርሳል። ስለዚህ በየአገሩ ከነበሩት የመኳንንት ቤቶች ብዙዎቹ የጠፉት በጠላት እጅ ሳይሆን በዝናብና በዕዳ ነው። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው በእንግሊዝ አገር ገጠር ስላሉት የቀድሞ ባለርስቶች ቤቶች፥ ይልቁንም የሌላውን ሰው ሠርግ በማስተናገድ ከመፍረስ ስለ ዳኑት ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ቢመስልም ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በዚያው አገር ያደገች የእኅታችን ልጅ በ2023 ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ስለ ተዳረች፥ ተጋብዘን ሄደን ያየነውንና የሰማነውን ጭምር እንጽፋለን። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

እንግሊዞች «ማነር ሃውስ» የሚሉት ቤት በቀድሞው ሥርዐት የባለርስቱ መኖሪያ፥ የገባሮቹም መሰብሰቢያ ነበር። ባለርስቱ መሬቱን ከንጉሥ ወይም ከበላዩ ካለው ጌታ ተቀብሎ ይይዛል፤ ገበሬዎቹ ግብራቸውን የሚያገቡት፥ ሙግታቸውንም የሚያሰሙት በእርሱ ደጅ ነበር። በቤቱ መካከል ያለው ታላቁ አዳራሽ ጌታና ሎሌ በአንድ ጣራ ሥር በየማዕርጋቸው ተቀምጠው የሚበሉበት ስለ ሆነ፥ የእኛ አገር ሰው «ግብር አበላ» ሲል በልቡናው የሚሥለውን ዐይነት ስፍራ ነው። እንግዲህ እነዚህ ቤቶች ከጥንት የተሠሩት ለአንድ ቤተሰብ ማደሪያ ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው ሊበላባቸውና ሊጠጣባቸው መሆኑን አስቀድመን እናስተውል፤ ኋላ ለደረሰው ነገር ፍቺው በዚህ ውስጥ ይገኛልና።

መከራቸው የጀመረው ከ1870ዎቹ ወዲህ ነው። የአሜሪካ ስንዴ በባቡርና በመርከብ እየተጫነ በርካሽ ዋጋ ወደ እንግሊዝ በመግባቱ የእህል ዋጋ ወደቀ፤ የመሬትም ኪራይ አብሮ ወረደ። በ1894 ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሰር ዊልያም ሃርኮርት በሟች ሀብት ላይ አዲስ የውርስ ግብር አወጡ። ግብሩ በመጀመሪያ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በሚበልጠው ሀብት ላይ እንኳ ከመቶ 8 ብቻ ነበር፤ ከፍተኛው መጠን ግን በ1919 ከመቶ 40፥ በ1949 ከመቶ 80 ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም መንግሥት ብዙዎቹን ቤቶች ለጦር ሰፈር፥ ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ወስዶ ሲገለገልባቸው ቈይቶ፥ ለባለቤቶቹ ሲመልስላቸው ብዙዎቹ ተጎሳቍለው ነበር። ከዚህ የተነሣ የማደሻ ገንዘብ ያጡ ወራሾች የጣራውን እርሳስና የግድግዳውን እንጨት አስነቅለው እየሸጡ ቤታቸውን አፈረሱት። በሃያኛው ምእት ዓመት እንዲህ የጠፉት ቤቶች ቍጥር ከአንድ ሺህ ይበልጣል።

በ1974 በለንደን ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለዚሁ ጥፋት አንድ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። ጐብኚው የወደቁ ዐምዶች በሚመስሉበት አዳራሽ ውስጥ ሲያልፍ፥ በድምፅ መቅጃ የተያዘው የፈረሱት ቤቶች ስም አንድ በአንድ ሲጠራ ይሰማ ነበር። ይህን ባነበብን ጊዜ ትዝ ያለን በፍትሐት ላይ የሙታን ስም ሲጠራ የሚሰማው ዝምታ ነው። ከ1968 ሕግ ወዲህ በጥንታዊነት የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ እንዳይፈርስና እንዳይለወጥ ተከልክሏል። ሕጉ ቤቱን ከማፍረሻው መዶሻ አዳነው፤ ወጪውን ግን በአብዛኛው ለባለቤቱ ተወለት። ዛሬም ቢሆን አዲስ መኖሪያ ቤት ሲሠራ የማይከፈለው የ20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለአሮጌው ቤት ጥገና ይከፈላል።

ስለዚህ ወራሾቹ መላ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። አንዳንዶቹ ቤታቸውን ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ማኅበር አስረከቡ። ሌሎቹ ለትምህርት ቤት ወይም ለሆቴል ሸጡ። ሎንግሊት የተባለው የታወቀ ቤት ባለቤት በ1949 ደጃቸውን በመግቢያ ዋጋ ለሕዝብ ከፈቱ፤ በ1966ም በግቢያቸው አንበሶች አስገብተው ለጐብኚዎች ማሳየት ጀመሩ። የጋብቻን ሥነ ሥርዐት በቤት ውስጥ ማስፈጸም ግን ሊታሰብ አይችልም ነበር፤ ሕጉ አይፈቅድምና። ከ1753 ሕግ ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ፥ ከአይሁድና ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች በቀር፥ ሰው ሁሉ በሕግ የሚጋባው በአገሪቱ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። በ1836 የወጣው ሕግ በተመዘገቡ ሌሎች የጸሎት ቤቶችና በመንግሥት የመዝገብ ሹም ጽሕፈት ቤት መጋባትን ፈቀደ። በመጨረሻም በ1994 ወጥቶ በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፥ የየአውራጃው ምክር ቤት በፈቀደው ቤት ሁሉ የመንግሥት ጋብቻ እንዲፈጸም አደረገ። ሙሽሮች ሥነ ሥርዐቱንም ግብዣውንም በአንድ ግቢ መፈጸም ስለ ቻሉ፥ ለአሮጌዎቹ ቤቶች አዲስ እንጀራ ተገኘላቸው።

ለምሳሌ በግሎስተር ከተማ አጠገብ፥ በሴቨርን ወንዝ ዳር ያለውን ኤልሞር ኮርትን እንጥቀስ። የጋይዝ ቤተሰብ በዚያ ስፍራ ከ700 ዓመት በላይ ኖሯል፤ በጥንት ዘመን መሬቱ ሲሰጥ የዓመት ግብሩ የቅርንፉድ ሽታ ያላት አንዲት አበባ እንደ ነበረች ይነገራል። ወራሾቹ ከ2013 ጀምሮ ቤቱን ለሠርግ ከፍተውታል። ለጭፈራ የሚሆን ሰፊ አዳራሽ ባስፈለጋቸው ጊዜም፥ ግድግዳውን ከግቢያቸው በተቈፈረ አፈር እየጠቀጠቁ አሠሩት፤ ስሙንም በዚያች አበባ «ጊሊፍላወር» አሉት። የጭቃ ቤት እየናቀ ወደ ብሎኬት ለሚሮጥ ሰው ይህ ነገር ጥቂት ሊያስደንቀው ይገባል። በዚያ አገር ባለርስቱ ከአባቶቹ የድንጋይ ቤት አጠገብ የአፈር ቤት ሠርቶ በእርሱ ይኰራል።

አሁን ወደ እኅታችን ልጅ ሠርግ እንለፍ። ቤቱ በምዕራብ እንግሊዝ የሚገኝ ከኤልሞር ያነሰ ቤት ነው፤ ባለቤቶቹ በጸጥታ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ሆኑ ስማቸውን አንጠራም። ሥራውን የሚሠሩት እነርሱው ናቸው፤ እመቤቲቱ ደብዳቤውንና ሒሳቡን ይይዛሉ፥ ባላቸው ሣሩንና ዛፉን ይጠብቃሉ፥ ልጃቸው መብራቱንና ወንበሩን ያሰናዳል። ቀኑን የሚፈልግ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ቀብድ ይከፍላል። የበጋ ቅዳሜ ዋጋው ከሁሉ ይከብዳል፤ እሑድ ይቀንሳል፤ የክረምት ረቡዕ ከሁሉ ይረክሳል። የእኛ ወገን ግን ቀን የሚመርጠው በዋጋ ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት ከሐዋርያት ጾም ፍቺ እስከ ፍልሰታ መግቢያ የነበሩት እሑዶች አራት ብቻ ስለ ነበሩ፥ ከአራቱ አንዱን ለማግኘት ሙሽሮቹ ብዙ ተጻጽፈዋል።

ነገር ግን ከቀኑም ከዋጋውም ይልቅ ያስቸገረው የእኅታችን ባለቤት ሐዘን ነበር። እርሱ በለንደን በአንድ ፎቅ ስድስተኛው ደርብ ላይ ይኖራል፤ ሦስት ክፍል አለው፥ ደጅ ግን የለውም። «መምህር፥» አለን ከሠርጉ በፊት በነበረው ሳምንት፥ «ሰው ልጁን የሚድረው ከገዛ ደጁ ነው። አባቴ እኅቶቼን ሲድር ዳስ ጥሎ፥ በደጁ ቆሞ እንግዳውን ሁሉ እየሳመ ነበር ያገባው። እኔ ግን የማላውቀው ጌታ ቤት ገብቼ፥ ከእንግዶቹ ጋራ እኔም እንግዳ ሆኜ ልጄን ልድር ነው።» እኛም የምንመልስለት ነገር ፈጥኖ አልመጣልንም። ገንዘብ የከፈለ ሰው በቤቱ ይገባል ማለት ቀላል ነው፤ ገንዘብ ግን ወንበርና ጠረጴዛ ያከራያል እንጂ የአባትን ስፍራ አያከራይም። ስለዚህ «ሄደን እንየው» ብቻ አልነው።

በዕለቱ ሙሽሮቹ በማለዳ በለንደን በቤተ ክርስቲያን ሥርዐተ ተክሊላቸውን ፈጽመው፥ ቅዱስ ቍርባን ተቀብለው፥ ከቀትር በኋላ ከዚያ ቤት ደረሱ። በሣሩ ላይ ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ አሮጌው አዳራሽ 180 ሰው አይችልምና። የእኛ ሴቶች ድንኳኑን ሲያዩ «ዳስ ነው እኮ!» ብለው እልል አሉ። እመቤቲቱ በደጁ ቆመው ይጠብቁን ነበር። የሙሽራይቱን አባት በእጃቸው ጨብጠው ሰላም ካሉት በኋላ፥ አንድ ትልቅ የብረት ቍልፍ ሰጡትና፥ «ይህ የፊተኛው ደጅ ቍልፍ ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት ቤቱ የእርስዎ ነው። እንግዶችዎን እርስዎ ይቀበሉ፤ እኛ ከወጥ ቤቱ በኩል እንገባለን» አሉት። እርሱም ቍልፉን በኪሱ አኑሮ በደረጃው ላይ ቆመ፤ እንግዳውንም ሁሉ እየሳመ አስገባ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፊቱ ተለወጠ። ሙሽራይቱ ስለ አባቷ ሐዘን ለእመቤቲቱ ጽፋላቸው እንደ ነበር የሰማነው ኋላ ነው።

የመንግሥቱን ጋብቻ የሚያስፈጽሙ ሁለት ሴቶች ሹማምንት መጥተው ነበር። አንደኛዋ ለሽማግሌዎቻችን በትሕትና እንዳስረዱት፥ በእነርሱ ሕግ ይህ ሥነ ሥርዐት የሃይማኖት መልክ ሊኖረው አይችልም፤ ጸሎትና ቡራኬ ቢኖር እርሳቸው ሥራቸውን ፈጽመው ከሄዱ በኋላ ይሁን። ከዘመዶቻችን አንዳንዱ ቅር አለው። እኛ ግን ነገሩን በሁለት ከፍለን ስናየው ቅሬታ አላገኘንበትም። በአገራችንም ሰማንያና ተክሊል የተለያዩ ናቸው፤ ሰማንያው በምስክር ፊት የሚጻፍ ውል ነው፥ ተክሊሉ ምሥጢር ነው፤ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም። ደግሞም ሹሟ የአዳራሹ በር እንዳይቈለፍ አዘዙ፤ ጋብቻው የሚከለከልበትን ምክንያት የሚያውቅ ማንም ሰው ገብቶ ሊናገር እንዲችል፥ ሕጉ በሩ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ጋብቻን በስውር የማያስፈጽም ሕግ የሚናቅ ሕግ አይደለም።

ከዚህም ይልቅ ደስ ያሰኘን አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር ከ1837 ጀምሮ በጋብቻ መዝገብ ላይ የሚጻፈው የሙሽሮቹ አባቶች ስምና ሥራ ብቻ ነበር፤ የእናት ስም አይጻፍም ነበር። ይህ ሥርዐት ተለውጦ የእናቶችም ስም መጻፍ የጀመረው በ2021 በግንቦት ወር ነው። ሹሟ «የእናት ስምና ሥራ?» ብለው ሲጠይቁ፥ ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ቤትና ቢሮ ስታጸዳ ልጆቿን ያሳደገች እኅታችን ስሟን ከነአባቷ ስም ቀስ ብላ ተናገረች፤ ሥራዋንም ሳታፍር አስጻፈች። ያ ወረቀት በመኳንንት ሥዕል ሥር በአሮጌ የወይራ ቀለም ጠረጴዛ ላይ ሲጻፍ ስናይ፥ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ከገቡበት ስሞች ሁሉ የከበረ ስም የገባበት መሰለን።

ሹማምንቱ ከሄዱ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ፤ ሕዝቡም «አሜን» አለ። ዶሮ ወጡና እንጀራው በእመቤቲቱ ፈቃድ ከለንደን ተጭኖ መጥቶ ነበር። ችግር የፈጠረው ቡናው ብቻ ነው። በተመዘገበ አሮጌ ቤት ውስጥ፥ ይልቁንም በደረቀ የእንጨት ጣራ ሥር፥ ከሰል ማንደድና ዕጣን ማጨስ አይቻልም፤ ጢሱም የእሳት ማስጠንቀቂያውን ደወል ያስጮኸዋል። የባለቤቶቹ ልጅ ጥቂት አሰበና በኋለኛው ግቢ ጠጠሩ ላይ የድንጋይ ንጣፍ ዘርግቶ፥ አንድ ባልዲ ውኃ አጠገቡ አኑሮ፥ «እዚህ ይሁን» አለ። ስለዚህ ረከቦቱና ምድጃው የቀድሞ ጌቶች ፈረስ ይታሰርበት ከነበረው በረት ፊት ተዘረጋ። አቦሉን ቀምሰው የተቀመጡት የቤቱ ሰዎች እስከ በረካው ድረስ አልተነሡም።

በዚያ ቡና ላይ እመቤቲቱ የቤታቸውን ነገር አጫወቱን። በ2020 በመጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት ሠርግ ሁሉ በተከለከለ ጊዜ፥ የዓመቱ ገቢያቸው በአንድ ቀን ቆመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጋብቻ ሲፈቀድም ከ30 ሰው በላይ መገኘት አልተቻለም። የአንዳንዱን ሙሽራ ቀን ወደ ፊት አዛወሩ፤ ቀን መለወጥ ላልቻለው ደግሞ ገንዘቡን መለሱ፤ ለዚህም ሲሉ ከአያታቸው የወረሱትን አንድ የግድግዳ ሥዕል ሸጡ። «ሥዕሉን የሸጥሁት ስሙ እንዳይሸጥ ነው» አሉን። ሠርግ የሚያዘጋጁ ብዙዎች በዚያን ጊዜ ቀብድ አንመልስም እያሉ ከሙሽሮች ጋራ መጣላታቸውንና መንግሥት ነገሩን እስከ መመርመር መድረሱን ስናስብ፥ ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ባዶ የቀረውን ቦታ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አሳዩን፤ ቀለሙ ከሌላው ይልቅ ደማቅ ነው።

«እኛ ሠርግን የምንቈጥረው በገንዘብ ሳይሆን በጣራ ነው» ብለውም ነገሩን። የቤቱ ክዳን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን የያዘው ችንካርና እንጨት አርጅቶ ስለ ተበላሸ፥ በየዓመቱ ከሠርጉ ትርፍ በተገኘው ልክ እየከፈሉ ያሳድሱታል። የደቡቡ ወገን አልቋል፤ የሰሜኑ ወገን ገና በግማሽ ነው። ከአንዲት ሙሽራ የተገኘው ይህን ማዕዘን፥ ከሌላዋ የተገኘው ያን አሸንዳ ከደነ እያሉ በመዝገባቸው ይጽፋሉ። በማግሥቱ የእኅታችን ባለቤት ቍልፉን ሲመልስ፥ «የልጄስ ሠርግ ምን ያህል ይከድናል?» ብሎ ጠየቃቸው። ወጪው ሲነሣ ዐሥር ካሬ ሜትር ያህል እንደሚሆን ነገሩትና፥ ከግቢው ቆመው በጣታቸው ስፍራውን አሳዩት። እርሱም ረዥም ጊዜ አንጋጦ አየው።

እኛ ከዚህ ሁሉ የያዝነው ነገር ይህ ነው። እነዚያ ቤቶች ጥንቱን የተሠሩት ብዙ ሰው እንዲበላባቸው ነበር። ደጃቸውን ዘግተው ለአንድ ቤተሰብ ክብር ብቻ በቆሙ ጊዜ የክብራቸው ወጪ በላቸው፤ የሌላውን ሰው ደስታ ሊያገለግሉ በተከፈቱ ጊዜ ግን ጣራቸው ይታደስ ጀመር። በእርግጥ ይህም አደጋ አለው፤ ቤት የሚያከራይ ሰው ሰዓት ብቻ መቍጠር ከጀመረ፥ ቤቱ ቢቆምም ቤትነቱ ይፈርሳል። በቤተሰብ እጅ ያለ ቤት ከተራ አዳራሽ የሚለየው በሥዕሉና በሣሩ ሳይሆን በደጁ ላይ የሚጠየቅበት ሰው በመኖሩ ነው። ያ ሰው ቍልፉን ለእንግዳው ሲሰጥ ርስቱን አላሳነሰም፤ እንዲያውም ጠበቀው። ከአባቶቻችሁ የተረከባችሁት ቤት፥ ትልቅም ሆነ ትንሽ፥ ያላችሁ አንባብያን ይህን በልቡናችሁ ብታኖሩት መልካም ይመስለናል።

የእኅታችን ባለቤት አሁንም የሚኖረው በስድስተኛው ደርብ ላይ ነው፤ ደጅ አላገኘም። ነገር ግን በስልክ ስንነጋገር አንዳንድ ጊዜ፥ «መምህር፥ ዛሬ በምዕራብ በኩል ብርቱ ዝናብ ጥሏል፤ ክዳናችን እንዴት ሆኖ ይሆን?» ይለናል።